ካሜራ ከመቀየርዎ በፊት ገመዱን ይፈትሹ

ጠያቂያችን ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ኤችዲ ካሜራ አላቸው። በ1080አይ (የምስሉን መስመሮች በየተራ ግማሽ ግማሹን በሚልከው) ሲቀርጹ ምስሉ ንጹሕ ነው፤ ወደ 1080ፒ50 (በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል ወደሚልከው) ሲያዞሩት የሦስተኛው ካሜራ ምስል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይበተናል፣ አንዳንዴም ድርግም ይላል። «ካሜራዎቹ አርጅተዋል፤ ኋላ ወደ 4ኬ የሚያድግ የትኛውን ልግዛ?» ይላሉ።

እርጅናውን አልተቀበልኩትም። ከሦስቱ አንዱ ብቻ፣ እሱም ከስዊቸሩ (የካሜራዎቹን ምስል ተቀብሎ ከሚያቀያይረው መሣሪያ) በጣም የራቀው፣ ፍጥነት ሲጨመርበት ብቻ ከታመመ እኔ የምጠረጥረው ገመዱን ነው። ሦስተኛውን ካሜራ በአንደኛው ገመድ ይሞክሩት። ችግሩ ካሜራውን ተከትሎ ከሄደ ተሳስቻለሁ። ገመዱ ጋር ከቀረ የስዊቸሩንም መግቢያ ቀይረው ይዩ፣ ገንዘብዎንም ያቆዩት።

ይህችን ማስረዳት ስለምወድ ይታገሡኝ። 1080አይ በኤስዲአይ ገመድ (የካሜራውን ዲጂታል ምስል ወደ ስዊቸሩ በሚወስደው) በሰከንድ 1.485 ጊጋቢት ይጓዛል። 1080ፒ50 እጥፉን፣ 2.97 ይፈልጋል። 4ኬ በ50 ፍሬም በአንድ ገመድ ሲላክ 11.88 ይደርሳል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ገመዱ ሲግናሉን አብዝቶ ይበላዋል። ስዊቸሩ ደግሞ ደክሞ የደረሰውን አንሥቶ ስለሚያስተካክል ጉዳቱ ለዐይን አይታይም። የድሮው አናሎግ ቀስ እያለ ይደበዝዝ ነበር፤ ይሄኛው አፋፉ ላይ እስኪደርስ ጥርት ብሎ ይቆይና ጥቂት ሜትር ወይም አንድ መናኛ መጋጠሚያ ሲጨመርበት ገደል ይገባል። በ1080አይ መሥራቱ ከአፋፉ ምን ያህል እንደራቁ አይነግርዎትም።

አሁን ቢኤንሲዎቹን (የገመዱን ጫፍ መጋጠሚያዎች) ፈትተው ይዩ። 75 ኦም መሆን ሲገባቸው 50 ኦም የተገጠመባቸው፣ መሀል ላይ ተቆርጠው በብየዳና በፕላስተር የተቀጠሉ ገመዶች ስንቴ አጋጥመውኛል! ርካሽ ቢኤንሲ ሁለት ሦስቴ ሲነቀል መሀል ፒኑ ይላላል፤ መጠገን አይገባውም፣ ይጣል።

ከመንካትዎ በፊት ግን የካሜራው አዳፕተር ስፒና የመሬት መስመሩ እንዳለ ያረጋግጡ። ምስሉ ላይ የሚንሸራተተውን ጥላ ለማጥፋት ብሎ የሚቆርጠው «ባለሙያ» አለ። ጥላው ይጠፋል፤ አዳፕተሩ የተበላሸ ቀን ግን ኤሌክትሪኩ ካሜራው አካል ላይ ይጠብቅዎታል።

ወደ ግዢው ከመጡ፣ ሰንሰር (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው የካሜራው ቺፕ) አያድግም። 1920 በ1080 የሆነ ሰንሰር በምንም ሶፍትዌር 4ኬ አይሆንም። «የሚያድግ» የሚባለው 3840 በ2160 ሰንሰር ዛሬውኑ ኖሮት ለጊዜው ኤችዲ የሚያወጣ ነው። 4ኬው በላይሰንስ (ለብቻው በሚገዛ ፈቃድ) የሚከፈት ከሆነ ዋጋውን አሁን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሌንሱ የሚፈታ፣ 12ጂ ኤስዲአይ (ያንን 11.88 ጊጋቢት የሚችል) መውጫ ያለው ይሁን። ጌንሎክ (ካሜራዎቹን በአንድ ምት የሚያስኬድ ሲግናል) መግቢያ የሌለውን እኔ ስቱዲዮ አላስገባም። ባለ 2/3 ኢንች ቢ4 ሌንስ (በስቱዲዮ ካሜራ የተለመደው የመግጠሚያ ዓይነት) ካለዎት፣ ትልቅ ሰንሰር ላይ በአዳፕተር ሲገጠም ብርሃን ይቀንሳል፤ ቀድመው ያስቡበት። ሦስቱንም አንድ ሞዴል ይግዙ፣ አለዚያ ቀለም ሲያመሳስሉ ይመሻል።

ገመዱን ለ12ጂ የተሠራ አድርገው ይጎትቱ። ሲገጥሙ መጀመሪያ ኃይሉን፣ በመጨረሻ ኤስዲአዩን፤ ሲነቅሉ ኤስዲአዩን አስቀድመው። ጥላው ተመልሶ ቢመጣ ሁሉንም ካሜራና ስዊቸሩን ከአንድ የኃይል መስመር ያብሯቸው እንጂ የመሬት መስመሩን አይቁረጡ።