ቃር ሲነሳ ብቻ የሚዋጥ ኦሜፕራዞል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ጨጓራ ነው ተብዬ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም ለአንድ ወር ታዘዘልኝ። ከዚያ ወዲህ ሲያልቅብኝ ራሴ ከፋርማሲ እየገዛሁ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላኝ። ማታ በልቼ ቃር ሲነሳብኝ እውጠዋለሁ፤ አንዳንዴ ምንም አያደርግልኝም። ላቁመው ስል ደግሞ ይብስብኛል። ለጉልበቴ አልፎ አልፎ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ። ጎረቤቶቼ «አጥንት ይበላል» ብለው አስፈራሩኝ፤ ጾምም እየገባ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አልጠቀመኝም ከማለትዎ በፊት የሚወስዱበትን ሰዓት እንይ። ኦሜፕራዞል ቃር ሲነሳ እዚያው የሚያበርድ ነገር አይደለም። የጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ፣ ምግብ ሲገባ ይነሳሉ፣ መድኃኒቱ ደግሞ የሚዘጋው የተነሱትን ስለሆነ ከምግቡ ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቶ መጠበቅ አለበት። በልቶ፣ ቃር ተነስቶ፣ ከዚያ መዋጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብለው በየቀኑ ይውሰዱት። ሙሉ ጉልበቱን እስኪያሳይ 3 ወይም 4 ቀን ይፈልጋል። እንክብሉን አያኝኩት፣ አይፍጩትም፤ ውስጡ ያሉት ፍሬዎች የተሸፈኑት አሲዱ እንዳያበላሻቸው ነው።

ጾሙ ላይ፣ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ጠዋት ውጦ ባዶ ሆድ መዋሉ ብዙም አይጠቅምም። 8 ሰዓት ተኩል ላይ በትንሽ ውሃ ይዋጡት። ውሃም ቢሆን አልቀምስም ካሉ በ9 ሰዓት ይዋጡትና ማዕዱ ግማሽ ሰዓት ይቆይ (ያቺን ግማሽ ሰዓት በቡና እንዳይሞሏት አደራ)። ቁስለት አለ ከተባሉ ግን ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ሲያቆሙት ለምን ይብሳል? ጨጓራ ረዘም ላለ ጊዜ ሲታገድ አሲድ የማምረት አቅሙን ያጠራቅማል፤ በድንገት ሲለቁት ለጥቂት ሳምንታት ከድሮው በላይ ያመርታል። ብዙ ሰው ይህን «በሽታዬ ተመለሰ» ብሎ ያስበውና እንደገና ይገዛል። እንደ እርስዎ ሁለት ዓመት የሚያልፈው በዚህ ነው። መውጫው ከሐኪም ጋር ተማክሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው፤ ለምሳሌ ለጥቂት ሳምንታት አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ቃሩ በሚያስቸግርበት ቀን ደግሞ የሚጠጣውን የአሲድ ማብረጃ ሽሮፕ መጠቀም።

ግን አሁኑኑ አያቁሙት። እኔን ከኦሜፕራዞሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ዲክሎፌናኩ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን መከላከያ ያሳሳሉ፣ ያቆስላሉ፣ ያደማሉም። ዲክሎፌናክ እየወሰዱ ኦሜፕራዞልን ማቆም መከላከያውን ጥሎ ጠላቱን ማቆየት ነው። መጀመሪያ እሱ ይሂድ። ለጉልበትዎ ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ ማስታገሻ ይሆንዎት እንደሆነ ይጠይቁ።

«አጥንት ይበላል» የሚለው ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም፤ የተጋነነ ነው እንጂ። ለዓመታት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የአጥንት ስብራት በመጠኑ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ቫይታሚን ቢ12 እና ማግኒዥየምም ሊቀንሱ ይችላሉ። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ይህን ፈርቶ አይተወውም። እርስዎ ግን ምክንያት አለዎት ወይ የሚለውን ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቀ የለም።

ኤች ፓይሎሪ (ጨጓራ ውስጥ የሚኖርና ሊያቆስለው የሚችል ባክቴሪያ) ተመርምረው ያውቃሉ? የሰገራ ምርመራው ኦሜፕራዞል ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ለ4 ሳምንት ካልተቋረጠ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ይቁረጡ። የደም ምርመራው ደግሞ ታክሞ የዳነን ሰው እንኳ ለረጅም ጊዜ «አለብህ» ይላል፣ በእሱ ብቻ መድኃኒት አይጀመርም። ከተገኘብዎ አንቲባዮቲኮች ከኦሜፕራዞል ጋር አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ይሰጣሉ፤ ያኔ ኦሜፕራዞሉ በቀን ሁለቴ ነው። በአምስተኛው ቀን ተሻለኝ ብለው እንዳይተዉት። ክሎፒዶግሬል የሚባል የልብ መድኃኒት፣ የደም ማነስ አይረን ወይም የእንቅርት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከኦሜፕራዞል ጋር የማይስማሙበት ነገር አለ።

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ (አይረን ኪኒንም ያጠቁራል)፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰዎት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ምግብ ጉሮሮዎ ላይ የሚቆም ከሆነ ወይም ሳያስቡት ከከሱ ደግሞ የኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በቀጭን ካሜራ የማየት ምርመራ) ቀጠሮ ያስይዙ እንጂ እንክብል አይጨምሩ።