ስለ መጠጥ ሱስና ሕክምናው ጠይቁኝ፣ የምችለውን እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ አረቄ ነው፣ ቤት ቆልፈንበት በአንዴ ብናስቆመውስ?

መልስ፦ እህቴ በናትሽ እንዳታደርጉት! አልኮል ጋባ የሚባለውን አእምሮን የሚያረጋጋ ኬሚካል ያግዛል፣ ግሉታሜት የሚባለውን የሚያነቃቃውን ደሞ ያፍናል፣ አእምሮ ይሄን ለዓመታት ሲለምድ ለማካካስ ማነቃቂያውን ከፍ አርጎ ይኖራል፣ እና መጠጡ ድንገት ሲቀር ማነቃቂያው ብቻውን ይለቀቃል። ጠዋት ሲኒ ሲይዝ ቡናው እስኪፈስ እጁ ሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እንደ የሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል፣ በ2ኛው በ3ኛው ቀን ደሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት፣ ሰው ይሞትበታል። ሆስፒታል ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት እየሰጡ መጠኑን ቀስ እያሉ ያወርዱታል፣ ቫይታሚን ቢ1ም መስጠት አለባቸው፣ ካልሆነ የማስታወስ ችሎታው እስከመጨረሻው ሊጎዳ ይችላል። ጸበል ልትወስዱት ብታስቡ እንኳን መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ሁለቱ አይጣሉም።

ጥያቄ፦ ቢፈልግ ይተው ነበር፣ በሽታ ነው ማለት ማባበል አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ጆርጅ ኩብ የሚባል ተመራማሪ በደንብ አሳይቶታል፣ መጀመሪያ ሰው ለደስታ ይጠጣል፣ ቆይቶ ግን አሚግዳላ በሚባለው ፍርሃትና ጭንቀት በሚነሳበት የአእምሮ ክፍል አካባቢ ያለው የጭንቀት ሲስተም ስለሚነሳ ላለመሰቃየት ነው ሚጠጣው፣ ውሳኔ የሚሰጠው የፊተኛው የአእምሮ ክፍልም ይዳከማል። ስድብ ይሄን አይጠግንም።

ጥያቄ፦ መድኃኒት አለው እንዴ?

መልስ፦ አለው፣ ብዙ ሰው አለመስማቱ ነው ሚያናድደኝ! ናልትሬክሶን የመጠጡን ደስታ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኮምባይን የሚባለው የአሜሪካ ጥናት 1,383 ሰው ይዞ ናልትሬክሶን ከመደበኛ የሐኪም ክትትል ጋር እንደሚረዳ አሳይቷል፣ አካምፕሮሴት የሚባለው ሌላው መድኃኒት ግን እዛ ጥናት ላይ ለማወዳደሪያ ከሚሰጠው መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን አልተሻለም፣ ቀድሞ አውሮፓ ላይ ጥሩ ውጤት ነበረው። ሞርፊን ወይ ትራማዶል የመሰለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ናልትሬክሶን እንዳይነካ።

ጥያቄ፦ ኦዜምፒክስ?

መልስ፦ ለስኳር በሽታ የሚወጋው መርፌ ማለትሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በ48 ሰው ላይ ለ9 ሳምንት የተሞከረ ጥናት ወጥቷል፣ አምሮቱም በአንድ ቀን ሚጠጡት መጠንም ቀነሰ፣ የሚጠጡበት ቀን ብዛት ግን አልቀነሰም። ተስፋ አለው፣ ግን ትንሽ ጥናት ነው፣ ለዚህ ብላችሁ ገዝታችሁ እንዳትወጉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ባለቤቴ ጥናት ውስጥ መግባት ይችላል?

መልስ፦ ቅርባችሁ ቤተስዳ ያለው የኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ክሊኒካል ሴንተር የአልኮል ጥናቶች ያካሂዳል፣ ለተሳታፊ ሕክምናው ነፃ ነው። ከመፈረሙ በፊት ባዶ ክኒን ሊደርሰው ይችል እንደሆነና ጥናቱ ሲያልቅ ማን እንደሚከታተለው ጠይቁ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ።