ፀሐይ የለ፣ ሥራ የለ፣ ላቡ ከየት መጣ? ስለ ፊትና ራስ ላብ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ብዙዎቻችሁ «ዶክተር» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል፤ ፋርማሲስት ነኝ። እኔንም ከጉርምስና ጀምሮ ፊቴንና ራሴን ያልበኛል። ስለዚህ ነገሩን ከባንኮኒው ወዲህም ወዲያም ሆኜ አውቀዋለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ላኩ ካልኩ ወዲህ የመጣው ብዙ ነው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ የማንንም ስም አልጠቀስኩም።

ሐምሌ ላይ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ እኔ ግንባሬ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ከዚያ ይንቆረቆራል። ይህ በሽታ ነው ወይስ የተፈጥሮ ነገር? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ስም አለው። ሐኪሞች ሃይፐርሃይድሮሲስ ይሉታል፤ ከመጠን ያለፈ ላብ ማለት ነው። የሰው ገላ ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢዎች አሉ። ግንባርና የራስ ቅል ላይ ደግሞ በርከት ይላሉ። ያንተ ዕጢዎች ከሌላው ሰው ዕጢዎች አይበዙም፣ አይተልቁምም። ችግሩ ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ላይ ነው። ትንሽ ሐሳብ፣ ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ ቸኮል ማለት ይበቃዋል፤ «አልቡ» ይላቸዋል። ለዚህ ነው የጦሳ ተራራ ብርድ የማያስቆመው።

በራሱ የሚመጣው ዓይነት መለያ አለው። ከልጅነት ወይም ከወጣትነት ይጀምራል፤ የፊቱ ግን አንዳንዴ ዘግይቶም ይመጣል። ግራና ቀኝ እኩል ያልባል። ብዙ ጊዜ ከዘመድ መሀል ሌላም የሚያልበው አለ። ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፍ ሲወስድህ ይቆማል። ጠዋት ትራስህ ደረቅ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

እናቴ «ቲቢ ይሆናል» ብላ እያስጨነቀችኝ ነው። መቼ ነው መፍራት ያለብኝ? (ከሐይቅ)

እናትሽ አልተሳሳቱም፤ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይህን መልስ ረዘም አደርገዋለሁ። ክሬም ከመግዛት በፊት መጣራት ያለበት ይሄ ነውና።

ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ አመሻሽ ላይ ትኩሳት ካለ ቲቢ መመርመር ግድ ነው። የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ነገ አይባልም። ከቆቦ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ ወይም ከሌላ ቆላ የተመለሰ ሰው ብርድ ብርድ ብሎት፣ አተኩሶት፣ ከዚያ ላብ ካጠመቀው ወባ ይታይ።

እንቅርትም አለ። እንቅርት ያለበት ሁሉ አያልበውም። ነገር ግን አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ሰውየው ሙቀት አይችልም፣ እየበላ ይከሳል፣ ልቡ ትመታበታለች፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። በደም ምርመራ ይታወቃል።

ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ካዘገየ ድንገት ላብ በላብ ይሆናል። እሱ የስኳር ማነስ ነው፤ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይፈልጋል። መድኃኒትም ያስልባል፤ ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን፣ ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ትራማዶል። ላቡ መድኃኒት ከጀመርሽ በኋላ ከመጣ ላዘዘልሽ ሰው ንገሪው። በራስሽ እንዳታቆሚ።

ድንገተኛ ቀዝቃዛ ላብ ከደረት ሕመም ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ዕድሜዬ 50 አልፏል። ከአንገቴ ወደ ላይ እሳት እንደነደደ ይሞቀኛል፣ ከዚያ ላብ ነው። ድሮ አልነበረብኝም። (ከወልዲያ)

እማማ፣ የወር አበባ የሚቆምበት ጊዜ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ሕክምናውም ከሌሎቻችን ይለያል። የሴቶች ሐኪም ያማክሩ። የታይሮይድ ምርመራውንም አብረው ይጠይቁ።

መብላት ሲጀመር ነው የሚብስብኝ። ሰርግ ቤት ከሰው ጋር መቅረብ ተውኩ። (ከወረኢሉ)

ይህ ጥያቄ ከየአቅጣጫው መጥቷል። ገባኝ። አንድ ትሪ ላይ አምስት ስድስት ሰው ይከባል። ወጡ ይፋጃል፣ በርበሬው ይፋጃል። የመጀመሪያው ጉርሻ ሳይዋጥ አፍንጫህ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ትንጠለጠላለች። እንጀራው ላይ እንዳትወድቅ ራስህን ወደ ኋላ ትስባለህ። አጠገብህ ያለው «ምነው፣ ብላ እንጂ!» ይልሃል።

በርበሬ ማንንም ያስልባል። ውስጡ ያለው ካፕሳይሲን ምላስ ላይ ያለውን የሙቀት ጠቋሚ ይነካል፤ አእምሮ የተቃጠለ ይመስለዋል፣ ማቀዝቀዣውን ይከፍታል። ይህን ጠቋሚ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ነው። እኛ ላይ ነርቩ ያባብሰዋል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ስለዚህ አልጫውን አስቀድም፣ ወጡ በረድ ይበል፣ ከበር አጠገብ ተቀመጥ። እኔ ሰርግ ቤት ሁልጊዜ በር አጠገብ ነኝ፤ ሰው መውጣት የምወድ ይመስለዋል።

ሁለት ነገር ግን ለሐኪም ይነገር። ሲበላ የሚያልበው በአንድ ጉንጭ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ጆሮ ሥር ቀዶ ሕክምና ወይም ጉዳት ከነበረ፣ የፍሬይ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሉሲያ ፍሬይ የምትባል ፖላንዳዊት ሐኪም በ1923 የገለጸችው ነው። የምራቅ ነርቭ ሲያገግም መንገድ ስቶ የላብ ዕጢ ጋ ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ ስኳር የቆየበት ሰውም ሲበላ ፊቱን ሊያልበው ይችላል።

ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹልኝ። ሎሚም ቀብቻለሁ። (ብዙ ሰው)

ዳማከሴው ሽታው ደስ ይላል፤ ይህን ላብ ግን አያስቆመውም። ጠበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክልህም፤ ሕክምናውን አብረህ ያዝ። ሎሚውን ግን ተው። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ላብ አጥፍቶልህ ቢሆን ኖሮ ይሁን ባልኩ።

የሚቀባ ነገር የቱ ነው? ዲኦዶራንት ግንባር ላይ ይቀባል? (ከኮምቦልቻ)

ዲኦዶራንት ሽታ ይሸፍናል እንጂ ላብ አያስቆምም። የምትፈልገው አንቲፐርስፒራንት ነው። ጀርባውን አንብብ፤ «አሉሚኒየም» የሚል ቃል መኖር አለበት። ጠንከር ያለው አሉሚኒየም ክሎራይድ ነው። ለብብት እስከ 20 በመቶ ይታዘዛል፤ ለፊት ግን ከዚያ ባነሰ መጀመር ይሻላል። ቆዳው ስስ ነው። ላብ መውጫውን ቀዳዳ ለጊዜው ይደፍናል፣ በቃ።

ሰው የሚሳሳተው አቀባቡ ላይ ነው። ጠዋት ቸኩሎ፣ ያላበው ፊት ላይ ይቀባል። ያንጊዜ ይለበልባል፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራልና። ማታ ይሁን። ፊት ይታጠብ፣ ይጠረግ፣ ከዚያ ክው ብሎ እስኪደርቅ ይጠበቅ። ስስ አድርጎ ከግንባር ላይና ከፀጉር ዳር መቀባት ነው። ዓይንና ከንፈር አካባቢ አይነካም። ፂም በተላጨ ማታ አይቀባም። ጠዋት ይታጠባል። ላቡ እስኪቀንስ በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል። መጀመሪያ ከጆሮ ጀርባ ሞክር።

ከቀላ ጥቂት ቀን አሳርፈው። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን የሚባል ለስላሳ የስቴሮይድ ክሬም ለጥቂት ቀን ይረዳል። ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ግን ፊት ላይ በዘፈቀደ አይቀባም። «ፊት ያጠራል» እየተባለ ስንት ፊት ሲበላሽ አይቻለሁ።

ግላይኮፒሮሌት የሚባል የሚቀባ መድኃኒትም አለ፤ ለፊት ጥሩ ነው። ቀብተህ እጅህን ታጠብ። ዓይን ከነካ ብሌኑ ይሰፋና ብዥ ይላል።

ላብ መርዝ ያስወጣል ይባላል። ካስቆምኩት ውስጤ አይቀርም? (ከመርሳ)

አይቀርም። ቆሻሻ የሚያጣሩት ኩላሊትና ጉበት ናቸው። ላብ ሥራው ማቀዝቀዝ ነው። ግንባርህ ቢደርቅ ሌላው ገላህ ያቀዘቅዝሃል።

ክኒን አለ ሲባል ሰማሁ። ረመዳን ላይ መውሰድ እችላለሁ? ባቲ ነው የምሠራው፣ ገበያ። (ከባቲ)

አለ። ኦክሲቡቲኒን ለፊኛ ችግር የተሠራ ነው፤ ላብም ያደርቃል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በቀን በ2.5 ሚሊግራም ጀምረው ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። ለፊትና ለራስ ላብ ከሚሰጡት አንዱ ነው፤ ብዙ ሰው ይረዳል። ነገር ግን ላብን ብቻ ለይቶ አያደርቅም። አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ዓይን ብዥ ይላል፣ ሽንት ሊይዝ ይችላል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ያለበት፣ ፕሮስቴት ያበጠበት፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም ሕመም) ያለበት ሰው አይወስደውም። ሽማግሌዎችን ያደናግራል።

ላንተ ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ባቲ ቆላ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ቀትር ፀሐይ ሥር ቆመህ ሰውነትህ ማላብ ካልቻለ ሙቀት ይመታሃል። ደሴ ላይ የሚስማማ መጠን ባቲ ላይ ሊከብድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ፆም። አፍህ ደርቆ ውሃ የማትጠጣበት ወር ነው። ሐኪምህ ከፈቀደ ካፍጥር በኋላ ይወሰዳል፤ ራስህን ካዞረህ ወይም ቆዳህ ሞቆ ላብ ጭራሽ ከጠፋ ጥላ ግባ፣ ውሃ ጠጣ፣ ክኒኑን አቁም። ፆሙ እዚህ ላይ አይከለክልም፤ ለታመመ ፈቃድ እንዳለው ሸሆቹም ይነግሩሃል። እኔን ከጠየቅኸኝ ረመዳኑ በሙቀት ወቅት ከዋለ ክኒኑን ለሌላ ወር ብታቆየው እመርጣለሁ።

ሚዜ ነኝ። የዚያን ቀን ብቻ ባያልበኝ! (ከኮምቦልቻ)

ላቡ የሚመጣው ሰው ሲያይህ ብቻ ከሆነ ፕሮፕራኖሎል ሊረዳህ ይችላል፤ ልብ ምትንና ድንጋጤን ያበርዳል። አስም ካለብህ አይሆንም። በሐኪም ይታዘዝ፣ ደግሞም ከሰርጉ በፊት ባለ ተራ ቀን ይሞከር። ሙሽራው መኪና ውስጥ አይሞከርም።

ቦቶክስ ለላብም ይሆናል? (ከደሴ)

ይሆናል። ነርቩ መልእክቱን ለዕጢው እንዳያደርስ ይዘጋዋል። ግንባርና የፀጉር ዳር ላይ በቀጭን መርፌ በየቦታው ይወጋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሠራል፣ ለጥቂት ወራት ይቆያል፣ ከዚያ ይደገማል። ዋጋው እዚያ ላይ ነው የሚያምህ። ከቅንድብ በጣም ቀርቦ ከተወጋ ቅንድብ ይወርዳል፤ ለወራት ያኮረፍክ ትመስላለህ። የላብ ልምድ ያለው የቆዳ ሐኪም ይሁን፤ የውበት ሳሎን አይደለም።

ቀዶ ሕክምና አድርጌ አንዴ ብገላገልስ? (ከኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ሠራተኛ)

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቀስ በል። ደረት ውስጥ በካሜራ ተገብቶ ላብ የሚያዝዘው የሲምፓቴቲክ ነርቭ ይቆረጣል ወይም ይቆነጠጣል። ፊትህ ይደርቃል፤ እውነት ነው። ከዚያ ግን ብዙዎችን ጀርባቸውን፣ ሆዳቸውንና ጭናቸውን ያልባቸዋል። አንዳንዱ ላይ ከድሮው ይብሳል። ሱሪ አርሶ ከመሄድ ግንባር መጥረግ ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። የዓይን ቆብ መውደቅም ያጋጥማል። የተቆረጠ ነርቭ ደግሞ እንደነበረ አይመለስም። የሚቀባው፣ ክኒኑ፣ መርፌው ሁሉ ሳይሞከር የሚታሰብ አይደለም።

እጅና እግር ላይ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ውሃ ሕክምናም የጠየቃችሁ አላችሁ። ለፊት አይሆንም።

ሂጃብ ለባሽ ነኝ። ራሴ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይውላል። (ከከሚሴ)

ከሥር የሚታሰረው ስስ ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተሩን ተዪው። ሁለት ይዘሽ ውጪ፣ ቀትር ላይ ቀይሪ። ፀጉርሽ ሳይደርቅ አትሸፈኚ። የሚያሳክክና የሚላጥ ከሆነ ፎረፎር ወይም ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ለሁላችሁም፦ ሶፍት ተዉ። ይበጣጠስና ፊት ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይቀራል። ደንበኛ ስለ መድኃኒቱ እየጠየቀኝ ዓይኑ ፂሜ ላይ ያለችው ፍርፋሪ ላይ ነው። የጥጥ መሐረብ ይዛችሁ ጫን ጫን አድርጉ፤ አትሹት።

ወሎ ውስጥ የት ልሂድ? ሐኪሙ «ላብ ነው፣ ምንም አይደል» ብሎ መለሰኝ። (ከደሴ ዙሪያ)

ቦሩ ሜዳ ሲባል ብዙው ሰው የአፄ ዮሐንስን የ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያስባል፤ እዚያ ያለው ሆስፒታል ግን በቆዳ ሕክምና ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። ከደሴ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ለሚሄድ ደግሞ አለርት ሆስፒታል አለ።

«ያልበኛል» ብቻ አትበል። ሐኪሞች ከ1 እስከ 4 የሚሄድ መለኪያ አላቸው። 1 ማለት ላቡ አይታወቀኝም፣ ሥራዬንም አይነካም ነው። 2 ይቻላል፣ አንዳንዴ ያስተጓጉለኛል። 3 ለመቻል ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜ ያስተጓጉለኛል። 4 አይቻልም፣ ሁልጊዜ ያስተጓጉለኛል። «3 ነኝ፤ ከ16 ዓመቴ ጀምሮ ነው፤ ሌሊት ይቆማል፤ አባቴም እንደዚሁ ነው» ብለህ ጀምር። የምትወስደውን መድኃኒት በሙሉ ይዘህ ሂድ።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ እንደኔ ጀመረው። ክፍል ውስጥ ይስቁበታል። (ከውጫሌ)

በዘር ስለሚሄድ አያስገርምም። በመጀመሪያ ሐኪም ይየው። ለአስተማሪው ንገሪው፤ መስኮት አጠገብ ያስቀምጠው፣ ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ፈቃድ አይጠይቅ። ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ፎጣ አድርጊለት፤ ደብተሩ ሥርም ወረቀት ይደርብ፣ ቀለሙ እንዳይበላሽ። ከራስሽ ክኒን ግን ግማሹን ሰብረሽ እንዳትሰጪው። የልጅ መጠን ሌላ ነው።