የፔሪዮዲክ ቴብል ትሬንድ እየተምታታብኝ ነው ላልሽው ልጅ

ጥያቄሽን አሁን ገና ነው ያየሁት እህቴ። «ወደ ቀኝ ስንሄድ ኤሌክትሮን እየተጨመረ አተሙ እንዴት ሊያንስ ይችላል? ናይትሮጅንና ኦክስጅን ላይስ አዮናይዜሽን ኢነርጂው ለምን ይገለበጣል? ቀስቶቹን ሸምድጄ ነው የገባሁት ግን ፈተና ላይ ተምታታብኝ» ነው ያልሽው። (አዮናይዜሽን ኢነርጂ ማለት ከአተም አንድ ኤሌክትሮን ለመንቀል የሚከፈለው ኢነርጂ ነው፣ ቀስቶቹ ደሞ ሰንጠረዡ ላይ የትኛው ባህሪ ወዴት እንደሚጨምር የሚያሳዩት።) ከላይ የመለሱልሽ ልጆች ያው ቀስቶቹን ነው መልሰው የላኩልሽ፣ እኔ ደሞ ቀስቱን ጣዪው ልልሽ ነው የመጣሁት፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ ቀስቶቹን በቀይ እስክሪብቶ ስዬ፣ ራዲየስ (የአተሙ ስፋት) ወደ ግራና ወደ ታች ይጨምራል፣ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ምናምን እያልኩ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እንኳ ሳልሳሳት የምወጣው ነገር ነበር። ከዛ ፈተና ላይ ምን መጣ መሰለሽ፣ የኦክስጅን፣ የፍሎሪን፣ የሶዲየምና የማግኒዥየም አዮኖችን (ኤሌክትሮን የሰጡ ወይም የተቀበሉ አተሞችን) ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ የሚል። እኔ ሆዬ ቀስቴን መዝዤ ሶዲየም ግራ ጥግ ነው ስለዚህ ትልቁ እሱ ነው፣ ፍሎሪን ቀኝ ነው ስለዚህ ትንሹ እሱ ነው ብዬ እርግጠኛ ሆኜ ጽፌ ወጣሁ። ትክክለኛው መልስ ኦክሳይድ (የኦክስጅን አዮን) 140 ፒኮሜትር፣ ፍሎራይድ (የፍሎሪን አዮን) 133፣ ሶዲየም አዮን 102፣ ማግኒዥየም አዮን 72 ነው። እኔ አንደኛ ያልኩት ሦስተኛ፣ መጨረሻ ያልኩት ሁለተኛ ሆኖ አረፈው።

ያኔ የተናደድኩት በነጥቡ አልነበረም፣ መልሱን ካየሁት በኋላ በጣም ቀላል መሆኑ ነው ያናደደኝ። አራቱም አዮኖች እኩል 10 ኤሌክትሮን ነው ያላቸው። ልዩነታቸው ኒውክለሱ ውስጥ ያለው ፕሮቶን ብቻ ነው፣ ኦክስጅን 8፣ ፍሎሪን 9፣ ሶዲየም 11፣ ማግኒዥየም 12። ያንኑ 10 ኤሌክትሮን በ12 ፕሮቶን የሚጎትት በ8 ከሚጎትተው ይልቅ አጥብቆ ይሰበስበዋል፣ አለቀ። እዚህ ላይ የትኛው ቀስት ነው የሚረዳሽ? የትኛውም።

ከዛ ወዲህ ኬሚስትሪ አጥንቼ ጨርሼ ተማሪ ማስጠናት ከጀመርኩም ቆየሁ፣ እና የማስተምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዳር ላይ ያለውን ኤሌክትሮን ማን ይጎትተዋል፣ ከምን ያህል ርቀት፣ መሃላቸው ገብቶ የሚጋርደውስ ማን ነው? ትሬንድ የሚባለው ነገር አብዛኛው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

እሺ ወደ ጥያቄሽ። ሶዲየምን ውሰጂ፣ 11 ፕሮቶን አለው፣ ከውስጥ 10 ኤሌክትሮን፣ ዳር ላይ አንድ። ዳር ያለው ብቸኛ ኤሌክትሮን ወደ ኒውክለሱ ሲያይ መሃል ላይ 10 ኤሌክትሮን ተደርድሮ ይጋርደዋል፣ ስለዚህ ከ11ዱ ፕሮቶን በግምት የ1 ያህል ጉልበት ነው የሚደርሰው። ክሎሪን ጋር ስትመጪ ፕሮቶኑ 17 ሆኗል፣ የውስጦቹ ጋራጆች ግን ያው 10 ናቸው። የተጨመሩት ኤሌክትሮኖች እዛው ዳር፣ በአንድ ሼል (የኤሌክትሮን ንብርብር) ላይ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፣ ጎን ለጎን የቆመ ሰው ደግሞ ብዙም አይጋርድሽም፣ ፊትሽ የቆመ ነው የሚጋርድሽ። ስለዚህ በግምት የ7 ያህል ጉልበት ይደርሳቸዋል (ግምት ነው፣ የውስጦቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይጋርዱ እውነተኛው ቁጥር ለሶዲየም ከ1 ከፍ ይላል፣ ጎን ለጎን ያሉትም ትንሽ ስለሚጋርዱ ለክሎሪን ከ7 ዝቅ ይላል)። ሶዲየም 186 ፒኮሜትር የነበረው ክሎሪን 99 የሚሆነው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ራዲየስ ላይ የተለያየ መጽሐፍ የተለያየ ቁጥር ሲሰጥሽ አትደንግጪ፣ ሜታል ውስጥ ያለ አተምና ቦንድ የሰራ አተም የሚለካበት መንገድ አንድ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉን ነው ማየት ያለብሽ።

ወደ ታች ስትወርጂስ? ፖታሲየም 19 ፕሮቶን አለው፣ ጋራጆቹም 18 ሆነዋል፣ ዳር ላይ ላለው የሚደርሰው እንደ ሶዲየሙ ትንሽ ነው፣ አሁን ግን ርቀቱ ጨምሯል። አዮናይዜሽን ኢነርጂውን በኪሎጁል በሞል ተመልከቺው፦ ሊቲየም 520፣ ሶዲየም 496፣ ፖታሲየም 419፣ ሩቢዲየም 403፣ ሲዚየም 376። ዳር ያለው እየራቀ በሄደ ቁጥር መንቀሉ ይቀላል።

ይሄን በዓይኔ ያየሁት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አስተማሪያችን ሶዲየሙን ከዘይት አውጥቶ በቢላ ሲቆርጠው (አዎ በቢላ ይቆረጣል) የተቆረጠው ፊት እንደ ብር አበራ፣ ከዛ እያየነው ደበዘዘ፣ አየር ብቻ ነክቶት ማለት ነው። መጀመሪያ ሊቲየሙን ውሃ ላይ ጣለው፣ ፈላ ፈላ እያለ ቀስ ብሎ አለቀ። ሶዲየሙ ውሃውን እንደነካ ቀልጦ ድቡልቡል ሆነና ሽሽሽ እያለ ከዳር ዳር ይሮጥ ጀመር፣ ምክንያቱም በ98 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፣ የራሱ ሪአክሽን ሙቀት ይበቃዋል፣ ሊቲየም ግን 180 ይፈልጋል። ፖታሲየሙ ጊዜም አልሰጠን፣ ወዲያው በሐምራዊ እሳት ተቀጣጠለ፣ የፊት ወንበር የነበርነው በሙሉ ወደ ኋላ ሸሸን። (ያለ መነጽር፣ ያለ አስተማሪ እንዳትሞክሩት ደሞ)

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። «ሶዲየም ኤሌክትሮን መስጠት ይፈልጋል» የሚባለውን ነገር እርሺው። ሶዲየም ምንም አይፈልግም! ያንን ኤሌክትሮን ለመንቀል 496 ኪሎጁል መክፈል አለብሽ። ክሎሪን ሲቀበል የሚመልስልሽ ደግሞ 349 ብቻ ነው፣ ገና 147 ጎደለ። ታዲያ ጨው እንዴት ይሰራል ካልሽ፣ ፕላስና ማይነስ አዮኖቹ ተጠጋግተው ክሪስታል ሲሆኑ የሚለቀቀው ኢነርጂ ነው ወጪውን ሸፍኖ የሚተርፈው። ለተማሪዎቼ ይሄን ስነግራቸው ግማሾቹ እንደተሸወደ ሰው ነው የሚያዩኝ።

አሁን ናይትሮጅንና ኦክስጅን። ናይትሮጅን 1402፣ ኦክስጅን 1314። በቀስቱ ከሄድሽ ኦክስጅን መብለጥ ነበረበት፣ ፕሮቶን ጨምሯላ። ግን ኤሌክትሮኖቹ የተቀመጡበትን እዪ፦ ሼል ውስጥ ኤስ፣ ፒ፣ ዲ የሚባሉ ሰብሼሎች አሉ፣ እነሱም ኦርቢታል በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላሉ። ናይትሮጅን ፒ ላይ ሦስት ኤሌክትሮን አለው፣ ሦስት ኦርቢታል፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ክፍል። ኦክስጅን አራተኛው ሲመጣ ባዶ ክፍል የለም፣ አንዱ ጋ ተዳብሎ መግባት አለበት። ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው፣ ይገፋፋሉ፣ ስለዚህ አንዱን ማስወጣት ቀለል ይላል። በቃ ይሄው ነው። ብዙ ቦታ «ግማሽ የሞላ ሰብሼል ስቴብል ስለሆነ» የሚል መልስ ታገኛለሽ፣ ፈተና ላይ ሊያልፍልሽ ይችላል፣ ለኔ ግን ሌላ ሽምደዳ ነው፣ ለምን ስቴብል ሆነ ስትዪ መልስ የለውም። አንድ ረድፍ ወርደሽ ፎስፈረስ 1012፣ ሰልፈር 1000፣ ያው ታሪክ ነው፣ ልዩነቱ የጠበበው አተሞቹ ሰፋ ስላሉ መገፋፋቱም ስለሚለዝብ ነው። ቤሪሊየምና ቦሮን ላይም ይገለበጣል፣ 900 እና 801፣ እዛ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፣ የቦሮን አምስተኛው ኤሌክትሮን ከኤስ ወጥቶ ፒ ላይ ነው የገባው፣ ፒ ደግሞ ኢነርጂው ከፍ ያለ ነው፣ ኤሶቹም በተወሰነ ደረጃ ይጋርዱታል።

ፍሎሪንና ክሎሪን ላይም ሰው ይወድቃል። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ላይ ፍሎሪን 3.98 ሆኖ ከሁሉም በላይ ነው፣ ኤሌክትሮን አፊኒቲ ላይ ግን ክሎሪን 349 ሆኖ ፍሎሪንን (328) ይበልጣል። ፍሎሪን በጣም ትንሽ ስለሆነ አዲስ የሚመጣው ኤሌክትሮን የተጨናነቀ ቤት ነው የሚገባው። ሁለቱን ቃላት አንድ አድርገሽ ከያዝሽ ይሄ ጥያቄ ይበላሻል፣ አፊኒቲ ብቻውን ያለ አተም ኤሌክትሮን ሲቀበል ነው፣ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ቦንድ ውስጥ ሆኖ የጋራውን ወደራሱ መሳቡ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ጋሊየምን ነው። በቀስት ከሄድሽ ከአሉሚኒየም ስር ስላለ አዮናይዜሽን ኢነርጂው በደንብ መቀነስ ነበረበት አይደል? አሉሚኒየም 578፣ ጋሊየም 579። አልወረደም! ምክንያቱም ከነሱ መሃል የዲ ኤለመንቶች አስሩ (ከስካንዲየም እስከ ዚንክ) ገብተዋል፣ 10 ፕሮቶን ተጨምሯል፣ የዲ ኤሌክትሮኖች ደግሞ ሲጋርዱ ሰነፎች ናቸው። ጋሊየም ሌላም ታሪክ አለው፣ ሜንዴሌቭ በ1869 ሰንጠረዡን ሲያወጣ ከአሉሚኒየም ስር ባዶ ቦታ ትቶለት ነበር፣ ቆይቶም ዴንሲቲው 5.9 አካባቢ እንደሚሆን ተነበየ። በ1875 ፈረንሳዊው ሉኮክ ደ ቧቦድራን ኤለመንቱን አግኝቶ ሲለካው 4.7 ሆነ፣ ሜንዴሌቭ ኤለመንቱን አይቶት ሳያውቅ ናሙናህ ንጹህ አይደለም ድገመው አለው፣ ሰውዬው አጽድቶ ሲደግመው 5.9 ወጣ። ድፍረት ማለት ይሄ ነው።

ሜልቲንግ ፖይንትን ከነዚህ ጋር አትደባልቂው፣ እሱ ስትራክቸር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ሲሊከን 1414 ዲግሪ ሆኖ ጎረቤቱ ነጭ ፎስፈረስ 44 ነው፣ አንድ ግዙፍ መረብ ነው አንዱ፣ ሌላው ትናንሽ ሞለኪውል።

ልምምድ ላይ እኔን በጣም የረዳኝ ተከታታይ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ነው፣ ኤሌክትሮኖቹን አንድ በአንድ ስትነቅዪ ለእያንዳንዱ የሚከፈለው ማለት ነው። ስሙ ያልተነገረሽ ኤለመንት 578፣ 1817፣ 2745፣ ከዛ 11577 ቢሰጥሽ፣ እስከ ሦስተኛው ቀስ እያለ ወጥቶ አራተኛው ላይ ዘለለ፣ ሦስቱ ዳር የነበሩ ናቸው፣ አራተኛው ከውስጥ ሼል ነው የተነቀለው፣ ስለዚህ ግሩፕ 13 (13ኛው ዓምድ) ነው፣ አሉሚኒየም። እንዲህ አይነት ጥያቄ አስር ያህል ስሪና ቀስቱን ራስሽ ትረሺዋለሽ።

እስቲ ይሄን ሞክሪ፦ የሰልፈር፣ የክሎሪን፣ የፖታሲየምና የካልሲየም አዮኖችን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪ፣ መጀመሪያ ኤሌክትሮኖቻቸውን ቁጠሪ። ከነምክንያቱ እዚሁ ስር ጻፊው፣ ማታ ገብቼ አየዋለሁ።