ከተማው ለስታዲየም ከፍሎ ለምግብ ቤቴ ለምን ይከለክላል?

ጥያቄ፦ ከሲያትል በስተደቡብ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ የሐበሻ ምግብ ቤት አለኝ። የወጥ ቤቴን የጢስ መሳቢያ እንድቀይር ስለታዘዝኩና ወጪው ከአቅሜ በላይ ስለሆነ፣ ከተማው የኢኮኖሚ ልማት በጀት እንዳለው ሰምቼ ድጋፍ እንዲሰጠኝ በጽሑፍ አመለከትኩ። ያገኘሁት መልስ «የሕዝብን ገንዘብ ለግል ድርጅት በስጦታ መስጠት ሕጉ አይፈቅድልንም» የሚል ነው። ዳላስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ግን ሱቁን ሲያድስ ከከተማው ገንዘብ ተሰጥቶታል። እዚሁ ሲያትልም የቤዝቦል ስታዲየሙ በሕዝብ ታክስ እንደተሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ለትልቅ የሚፈቅድ፣ ለትንሽ የሚከለክል ሕግ አለ ወይ?

መልስ፦ የከተማው ሠራተኛ የሰጡዎት መልስ የሕግ መሠረት አለው። የዋሽንግተን ስቴት ሕገ መንግሥት በ1889 እ.ኤ.አ. ሲረቀቅ በአንቀጽ 8 ክፍል 7 ላይ፣ ካውንቲም ሆነ ከተማ ገንዘቡንና ንብረቱን ለግለሰብ፣ ለማኅበር ወይም ለኩባንያ እንዳይሰጥ፣ እንዳያበድር፣ ዋስም እንዳይሆን ከልክሏል፤ ከዚህ ክልከላ ውጭ ያደረገው ለድሆችና ለአቅመ ደካሞች የሚሰጠውን አስፈላጊ ድጋፍ ነው። አርቃቂዎቹን ያሳሰባቸው የባቡር ኩባንያዎች ጉዳይ ነበር። በዚያ ዘመን ኩባንያዎቹ ሐዲዱን በዚህ ወይም በዚያ ከተማ በኩል እናሳልፋለን እያሉ ከየአካባቢው አስተዳደር ገንዘብና መሬት ይቀበሉ ነበር፤ ሥራው ሳይሳካ ሲቀር ዕዳውን የሚከፍለው ነዋሪው ነበር።

ቴክሳስ የራሱ ሕግ አለው። በ1987 የስቴቱ ሕዝብ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የኢኮኖሚ ልማትን ሕዝባዊ ዓላማ አድርጎ ስለተቀበለ፣ ከተሞች ምዕራፍ 380 በሚባለው ሕግ መሠረት ለንግድ ድርጅቶች በቀጥታ መስጠትም ማበደርም ይችላሉ። ስለዚህ የአክስትዎ ልጅ ያገኘው ድጋፍ እዚህ ለእርስዎ መከራከሪያ አይሆንም።

የስታዲየሙ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። በመስከረም 1995 የኪንግ ካውንቲ መራጮች ለስታዲየሙ ሥራ የቀረበውን የሽያጭ ታክስ ጭማሪ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ውድቅ አደረጉት። በቀጣዩ ወር የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለልዩ ጉባኤ ተጠርቶ፣ በካውንቲው ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ሽያጭ ላይ የተጣለውን የ0.5 በመቶ ታክስ ጨምሮ ሌላ የገንዘብ ምንጭ አዘጋጀ። እስከ 2011 ድረስ በካውንቲው ምግብ ቤት የነበረው ሁሉ፣ የእኛም ሰው ጭምር፣ ይህን ታክስ ከደንበኛው እየሰበሰበ ያስገባ ነበር። ተቃዋሚዎች «ይህ ለግል ቡድን የተሰጠ ስጦታ ነው» ብለው ከሰሱ፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1996 አልተቀበላቸውም። ምክንያቱም ስታዲየሙ የሕዝብ ንብረት ሆኖ የሚቆይ ሲሆን፣ ቡድኑ ደግሞ ለግንባታው 45 ሚሊዮን ዶላር እንዲያዋጣ፣ ኪራይ እንዲከፍል፣ ከትርፉም እንዲያካፍል ግዴታ ተጥሎበት ነበር።

ፍርድ ቤቶቹ የሚመረምሩት በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ወጪው የመንግሥት መሠረታዊ ሥራ መሆን አለመሆኑን ያያሉ። ካልሆነ፣ አስተዳደሩ ገንዘቡን የሰጠው በስጦታ ሐሳብ መሆኑን፣ ወይም በምላሹ ያገኘው ነገር ከሰጠው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ መሆኑን ይጠይቃሉ። እንግዲህ ሕጉ የሚለየው ትልቁን ከትንሹ ሳይሆን ግዴታ የገባውን ካልገባው ነው። በሥራ ላይ ሲታይ ግን ጠበቃ ቀጥሮ ባለ ብዙ ገጽ ውል ማዘጋጀት የሚችለው ትልቁ ስለሆነ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ መራጩ እምቢ ያለውን ወጪ በሌላ በር ማስገባትም፣ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ፣ ለዚህ አምድ አዘጋጅ ትክክለኛ አሠራር አይመስለውም።

ወደ ጢስ መሳቢያዎ ስንመለስ፣ በ1985 የወጣ የስቴት ሕግ ለከተሞች የኢኮኖሚ ልማት ሕዝባዊ ዓላማ መሆኑን ደንግጎ ለዚሁ ሥራ ለትርፍ ካልቆሙ ድርጅቶች ጋር እንዲዋዋሉ ፈቅዷል። ዓላማው ሕዝባዊ ነው ማለት ግን ስጦታው ተፈቀደ ማለት አይደለም። ከተማው በዚህ በጀት የእግረኛ መንገድና የመብራት ሥራ ሊያሠራ፣ ለነጋዴዎች ነፃ የሂሳብና የፈቃድ ምክር የሚሰጥ ድርጅት ሊቀጥር ይችላል፤ የግል ወጥ ቤትዎን ዕቃ በነፃ ገዝቶ ሊሰጥዎ ግን አይችልም። ቢሰጥ የስቴቱ ኦዲተር ጥፋት ብሎ ሊመዘግብበት ይችላል።

ስለዚህ የሚጠይቁትን የገንዘብ ምንጭ ይቀይሩ። የማኅበረሰብ ልማት ብሎክ ግራንት የሚባለው የፌዴራል ገንዘብ፣ ባለቤቱን ጨምሮ ከአምስት የማይበልጡ ሠራተኞች ያሏቸውንና ባለቤታቸው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ድርጅቶችን ለመርዳት ሊውል ይችላል። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ሲያትል ለትናንሽ ንግዶች አሥር አሥር ሺህ ዶላር መስጠት የጀመረችው ከዚሁ ምንጭ ነበር። ወደ ከተማዎ ተመልሰው «ይህ ገንዘብ በከተማው ነው ወይስ በካውንቲው በኩል የሚመጣው? የማመልከቻው ጊዜስ መቼ ነው?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ሲያመለክቱም የሠራተኞችዎን ቁጥር፣ የገቢ ማስረጃዎንና የጢስ መሳቢያው ባይቀየር ስንት ሰው ሥራ እንደሚያጣ ያስቀድሙ።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ በዓል ያዘጋጃል። ከከተማው የሆቴል ታክስ ድጋፍ መጠየቅ እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። ይህ ታክስ በሕግ ለቱሪዝም የተወሰነ ነው፤ ጎብኚ ለመሳብ የታሰበ ፌስቲቫል ለማስተዋወቅና ለማካሄድ ሊውል ይችላል። 5,000 ወይም ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ማመልከቻውን የሚመለከተው ሆቴሎች የተወከሉበት አማካሪ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው የሚፈልገውም የባህላችንን ውበት ሳይሆን የእንግዳ ቁጥር ነው። ከ50 ማይል በላይ ርቀው የሚመጡትንና የሚያድሩትን ግምት አስቀድማችሁ አቅርቡ፤ ከበዓሉ በኋላም ትክክለኛውን ቁጥር ሪፖርት ማድረግ ግዴታ ስለሆነ፣ መግቢያው ላይ እንግዶች ከየት እንደመጡ የሚመዘግብ ሰው ከወዲሁ መድቡ።