የአልፍሪስተን የቀሳውስት ቤት፦ የፊቱ ግድግዳ መካከሉ ላይ ለምን ገባ አለ?

ጠያቂያችን በእንግሊዝ አገር፣ በኢስት ሰሴክስ፣ አልፍሪስተን በተባለው መንደር የሚገኘውን የቀድሞ የቀሳውስት ቤት ፎቶግራፍ ተመልክተው፣ የፊት ግድግዳው መካከል ለምን ወደ ውስጥ እንደገባና ቤቱን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው በተለይ ምን ማየት እንዳለበት ጠይቀዋል። ቤቱን ሄጄ ያየሁት በመሆኔ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ።

መካከሉ የገባ ይምሰል እንጂ፣ ወደ ውጭ የወጡት ጫፎቹ ናቸው። ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በኬንትና በሰሴክስ በብዛት የተሠሩት እንዲህ ያሉ ቤቶች በመካከላቸው ከወለል እስከ ጣራ ክፍት የሆነ አዳራሽ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ባለ ሁለት ደርብ ክፍሎች ነበሯቸው። የላይኛው ደርብ አግዳሚ እንጨቶች ከታችኛው ግድግዳ አልፈው ስለሚወጡ ፎቁ ወደ ፊት ይገፋል፤ አዳራሹ ግን ፎቅ ስለሌለው የሚገፋ ነገር የለውም። ሦስቱም ክፍሎች በአንድ ጣራ ሥር ስለሚጠለሉ፣ በመካከል ያለው የጣራ ክፈፍ ከግድግዳው ርቆ ይቀርና ጎበጥ ባሉ እንጨቶች ይደገፋል። ጎብኚዎች ሁሉ ፎቶ የሚያነሱት የሳር ክዳኑን ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የቤቱ ቁም ነገር ያለው በዚህ ክፈፍ ላይ ነው።

አጽሙ የኦክ እንጨት ነው፤ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እንደ አገራችን የጭቃ ቤት በጭራሮና በጭቃ ምርግ ተሞልቷል። አዳራሹ ሲሠራ ጭስ ማውጫ አልነበረውም፤ እሳቱ ወለል ላይ ይነድና ጭሱ ወደ ጣራው ይወጣ ነበር። ወለሉን ሳያዩ እንዳያልፉት፤ በሰሴክስ ልማድ ከተደቀቀ የጠመኔ ድንጋይ ተደልድሎ በኮመጠጠ ወተት የታሸገ ነው። በአዳራሹ እንጨት ላይ የተቀረጸ የኦክ ቅጠልም አለ፤ ታሪካዊ ቦታዎችን የሚጠብቀው የእንግሊዝ ድርጅት የናሽናል ትረስት አርማ መነሻ እርሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ።

ስሙ የቀሳውስት ቢሆንም፣ መጀመሪያ የተሠራው ለአንድ ባለጸጋ ገበሬ እንደነበር ይገመታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሊፈርስ ተቃርቦ ሳለ የደብሩ ቄስ ስለተከራከሩለት ተረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1895 የተመሠረተው ናሽናል ትረስትም በ1896 በ10 ፓውንድ ገዛው፤ ድርጅቱ የገዛው የመጀመሪያው ሕንፃ ይኸው ነው። ጥገናውን የመራው አርክቴክት አልፍሬድ ፓወል ሲሆን፣ የቀረውን ማጽናት እንጂ የጎደለውን በግምት አዲስ አድርጎ መሥራት የማይገባ መሆኑን ከሚያምኑት ወገን ነበር። ዛሬ በእንጨቶቹ ላይ የሚታየው መጣመምና መሰንጠቅ ሳይስተካከል የቆየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ከቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ሜዳ ቆመው ጣራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱት፤ የውስጡ አከፋፈል ያን ጊዜ በቀላሉ ይገባዎታል።