ከባድ መደርደሪያን በጂፕሰም ቦርድ ግድግዳ ላይ ስለ መስቀል

ደብረ ማርቆስ ባለው ቤትዎ፣ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውና ድጋፉ ከውጭ የማይታይ የመጻሕፍት መደርደሪያ በጂፕሰም ቦርድ ግድግዳ ላይ ለመስቀል የትኛው ፊሸር (ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ መሰኪያ) እንደሚሻል ለጠየቁት ወንድማችን፦ በእኔ ልምድ ለዚህ ሥራ የሚሆን የላስቲክ ፊሸር የለም።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ባሕር ዳር በተከራየሁት ቤት 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዋንዛ መደርደሪያ በስድስት ፊሸሮች ሰቅዬ መጻሕፍት ደረደርኩበት፤ ሁለት ሳምንት ያህል በደኅና ከቆየ በኋላ አንድ ሌሊት ከነመጻሕፍቱ ወረደ። ብሎኖቹ አልተሰበሩም፤ ፊሸሮቹ ቦርዱን እየፈረፈሩ ከነብሎናቸው ተነቅለው ነበር። ያሳታኝ ክብደቱን ወደ ታች ብቻ የሚጫን አድርጌ ማሰቤ ነው። 30 ኪሎ መጻሕፍት ቢደረደርበት የክብደቱ መካከል ከግድግዳው 12 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ብሎኖቹ ከድጋፉ ግርጌ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብለው የታሰሩ ከሆነ፣ መደርደሪያው ግርጌውን ተደግፎ እንደ መፈንቀያ ስለሚሠራ ወደ ውጭ የሚነቅላቸው ኃይል በጠቅላላው 30 × 12 ÷ 4፣ ማለትም 90 ኪሎ ይደርሳል። አንድ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው፤ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ በወረቀት የተሸፈነ ጄሶ ነው።

በአገራችን የጭቃ ቤት ከባድ ዕቃ መስቀል የፈለገ ሰው መስቀያውን ምርጊቱ ላይ አይተክልም፤ ቋሚውን ፈልጎ እርሱ ላይ ይመታል። የጂፕሰም ቦርድም ምርጊት እንጂ ቋሚ አይደለም። ቋሚዎቹ ከጀርባው ያሉ፣ ብዙውን ጊዜ በየ60 ወይም በየ40 ሴንቲ ሜትሩ የቆሙ ቀጫጭን ላሜራዎች ናቸው። እነርሱን ለማግኘት ትንሽ ማግኔት በግድግዳው ላይ ማንሸራተት ይበቃል፤ ቦርዱ የታሰረባቸውን ብሎኖች ሲያገኝ ይጣበቃል።

ሆኖም ላሜራውም ብቻውን አይታመንም፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ብሎን በኃይል ሲጎተት ቀዳዳው ይሰፋል። ስለዚህ በሁለተኛው ሙከራዬ፣ በቤቱ ባለቤት ፈቃድ፣ ቦርዱን በሦስት ቋሚዎች መካከል 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው መስኮት መልክ ቆርጬ አነሣሁና በየመካከሉ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጣውላ አጥብቄ አስገባሁ። ጣውላውን ከላሜራዎቹ ጋር በጎን በብሎን አሰርኩ፤ የቆረጥኩትን ቦርድ መልሼ በዚያው ጣውላ ላይ ገጠምኩና ስፌቱን በመረብና በስቱኮ ዘጋሁ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማልም።

ድጋፉን ብረት በያጅ ሠራልኝ፦ ከጀርባ ጠፍጣፋ ብረት፣ ከእርሱ የሚወጡ አራት ዘንጎች፣ በላያቸው ላይ እንደ ሣጥን ውስጡ ክፍት የሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መደርደሪያ ይሰካል። ውፍረቱ ለውበት አይደለም። የላይኞቹ ብሎኖች ከግርጌው 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስላሉ፣ ያው 30 ኪሎ አሁን የሚጎትታቸው በ45 ኪሎ ብቻ ነው። ዘንጎቹን ጥቂት ወደ ላይ ቀና እንዲያደርጋቸው ይንገሩት፤ ጭነት ሲያርፍባቸው በውሃ ልክ ቀጥ ይላሉ።

ከመቁረጥዎ በፊት ግን ከቆጣሪው በኩል መብራቱን ያጥፉ፤ ከማብሪያና ከሶኬት በላይና በታች ባለው መስመር ሽቦ ሊኖር ይችላል። ግድግዳው ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰን ከሆነም በክረምት እርጥበት ማሳየት አለማሳየቱን ያስታውሱ፤ እርጥበት የነካው ጄሶ ይላላል። ከግድግዳው ማዶ ዕቃ ቤት ካለ ደግሞ መስኮቱን በዚያ በኩል ይቁረጡት፤ የሳሎንዎ ቀለም ሳይነካ ጣውላው ይገባል።